የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም

በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም። ሐኪሞቹ «ሲስተር» ይሏታል። የቀሩት ሁሉ፣ ከማደንዘዣ ሰጪው ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኞቹ፣ «አቀባይዋ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ማቀበል ነዋ። ቀዶ ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ፣ የሚያስፈልገው መቀስ ከሆነ መቀስ፣ መቆንጠጫ ከሆነ መቆንጠጫ፣ የሚሰፋ ከሆነም ክር የገባበት መርፌ መዳፉ ላይ ታሳርፋለች። ቀስ ብላም አይደለም። ሐኪሙ ዓይኑን ከተከፈተው ሆድ ሳያነሣ ዕቃው እጁ መግባቱን እንዲያውቅ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ነው የምታሳርፈው።

ከዋናው ቀዶ ሐኪም ጋር ለብዙ ዓመታት አንድ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከሽማግሌው አፍ የወጣው ቃል ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ በቃ። የሚፈልጉትን ማወቅ የእሷ ፋንታ ነው። ለክፍሉ አዲስ የሆኑ ነርሶች ሲመጡም መጀመሪያ የምትነግራቸው ይህንኑ ነበር።

«እዚህ ቤት የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም» ትላለች። «ወሬ ያማራት ከበሩ ውጭ ታውራ።»

ማደንዘዣ ሰጪው ከበሽተኛው ራስጌ ተቀምጦ መቀለድ የማይሰለቸው ሰው ነው። «እኔ በቀን የማደነዝዘው በሽተኛውን ብቻ ነው» ይላል፤ «ዶክተርና አቀባይዋ ከቤታቸው ደንዝዘው ነው የሚመጡት።» ዶክተሩ አይስቁም። እሷ ከጭምብሏ ሥር ፈገግ ትላለች፤ ግን ከጭምብል ሥር ያለን ፈገግታ ማን ያያል?

ነገሩ ሲጀምር በጣቶቿ መሃል ትንሽ አሳከካት። ከዚያ ቆዳዋ ቀላ፤ ቀጥሎም ውኃ እንደ ሸሸው ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ከእያንዳንዱ ቀዶ ጥገና በፊት እጅን እስከ ክንድ በብሩሽና በመድኃኒት ሳሙና መፈተግ ግድ ነው። ለሌላው ሰው ሳሙና የሆነው ነገር ለእሷ እሳት ሆነባት። የቆዳ ሐኪሙ መዳፏን በመብራት ሥር ገልበጥ መለስ አድርጎ አየና፣ «ይህን እጅ ወይ ከሳሙናው ታርቂዋለሽ፣ ወይ ሁለተኛ እኔ ዘንድ ይዘሽው አትመጪም» አላት። ሁለተኛ አልሄደችም።

የቆሰለ እጅ ያላት ነርስ በተከፈተ ሰውነት አጠገብ አትቆምም። ከቁስሉ ወደ በሽተኛው፣ ከበሽተኛውም ወደ ቁስሉ የሚሻገር ነገር አይጠፋም። ይህን ደንብ ለአዳዲሶቹ የምታስተምረው ራሷ ነበረች። ስታስተምርም እጇን ከጋዋኗ ኪስ አታወጣም ነበር። ማታ ማታ ቅባት ትለቀልቃለች፣ ጠዋት ሁለት ጓንት ትደርባለች፣ እየተለበለበች ትቆማለች።

ብትናገር የሚደርስባትን ታውቀዋለች። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የምትወጣ ነርስ የምትላከው ወደ መረጃ መስኮት ነው። መስኮቱ ከዋናው በር ፊት ለፊት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው እየተጋፋ ይጠይቃል። ራጅ የት ነው? ዶክተሩ ገብቷል ወይ? ሬሳ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ከእሷ በፊት አቀባይ የነበረችው ሴት ወገቧ ሲከዳት እዚያ ተቀምጣለች። አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ ሴትየዋ በመስታወቱ ቀዳዳ አየቻትና «እህቴ፣ እዚህ እኮ እጅሽን ቆርጠው ቢወስዱትም አይታወቅብሽም» አለቻት። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓሮ በር ነው የምትገባው።

አንድ መውጫ ነበራት። ውጭ አገር ያለ አንድ ኮሌጅ፣ የቀዶ ሕክምና ነርሶችን የሚያስተምሩ መምህራን የሚያሠለጥንበት ክፍል አለው። ማስረጃዋን ልካ ተቀብለዋታል። መምህር ቆሞ ያሳያል፣ ይናገራል እንጂ ቀን ከሌት እጁን ሲፈትግ አይውልም። የቀራት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ብቻ ነበር። ኮሌጁ ቦታዋን አንድ ጊዜ አቆይቶላት፣ ሁለተኛ እንደማያቆይ በጨዋ ቋንቋ ነግሯታል።

ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወስዳለች። ማንበቡን አለፈች፣ መጻፉን አለፈች፤ ማዳመጡንማ ከተፈታኙ ሁሉ አንደኛ ነበረች፤ ዕድሜዋን የሰው ትንፋሽ ስታዳምጥ የኖረች ሴት ናት። የሚጥላት ንግግሩ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ፈታኙ ሥራዋን ትወድ እንደሆነ ጠየቃት። «አዎ» አለችና ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቀች። ለምን ትወጂዋለሽ? «ጥሩ ሥራ ነው።» ጠበቀች። እሱም ጠበቀ። ዝምታው ለእሱ ጭንቅ፣ ለእሷ ግን እንደ ሥራ ቀን ያለ ነገር ነበር፤ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በደንብ እንደ ሠራች ነበር የምታስበው።

ስለዚህ አስጠኚ ፈለገች። ከፀጉር አስተካካይ ቤት በላይ፣ የማድረቂያው ጩኸት ወለሉን አልፎ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ የሚያስተምር፣ ተማሪዎቹ «ፍሉዌንሲ» የሚሉት ሰው አገኘች። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከአፉ ከማይለየው ቃል ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣» አላት በመጀመሪያው ሳምንት፣ «እኔን ጥርስ ነቃይ አደረግሽኝ እኮ! አንድ አንድ ቃል በጉጠት ላወጣልሽ ነው?»

«የጠየቅኸኝን መለስኩልህ።»

«መልስ ማን ፈለገ? ፈታኞቹ የሚፈልጉት እንዲፈስላቸው ነው። ፍሉዌንሲ! ያንን ፋርማሲስት እይው። የሚያወራውን እሱም አያውቀው፣ እኔም አላውቀው። ግን ይፈሳል።»

ከኋላ የተቀመጠው ወጣት ፋርማሲስት የተመሰገነ መስሎት አንገቱን ቀና አደረገ።

አስጠኚው ለማይፈስላቸው ሰዎች ያዘጋጀው አንድ ንግግር ነበረው። ከአጎት ጋር ወደ አንድ ሐይቅ የተደረገ ጉዞ ነው። ጀልባ አለበት፣ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አለበት፣ ባርኔጣ የሚወስድ ነፋስ አለበት፣ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። በትክክል ከተሸመደደ ልክ ሁለት ደቂቃ ይሞላል፤ ከፈተናው የሚያስፈራው ክፍል ሳይቋረጡ ሁለት ደቂቃ መናገር ነውና።

«ሁሉም መንገድ ወደ ሐይቁ ይወስዳል» ይላል ፍሉዌንሲ። «ስለ ጉዞ ቢጠይቁሽ፣ ሐይቁ። ስለ ቤተሰብ ቢጠይቁሽ፣ አጎትሽ። ስለ አየር ጠባይ፣ ነፋሱ። ስለ ልብስ ቢጠይቁሽስ?»

«ባርኔጣው» አለ ፋርማሲስቱ።

«ብራቮ!»

«እኔ አጎት የለኝም» አለች አቀባይዋ።

«እህ! ፈታኙ የአጎትሽን መታወቂያ ሊጠይቅሽ ነው? ዝም ካልሽ ሞትሽ ማለት ነው። ዝም ከምትይ ስትሰምጪ ብትታዪ ይሻላል።»

ሸመደደችው። መሸምደድ አያቅታትም፤ የመቶ መሣሪያ ቅደም ተከተል በጭንቅላቷ ይዛ የምትቆም ሴት ናት። ከሥራ ስትመለስ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ትቀመጥና ለአባቷ በቃሏ ትወጣላቸዋለች። አባቷ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን ፈታኝ ሁኑልኝ ስትላቸው ነገሩን እንደ ሹመት ነው የተቀበሉት። መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ፣ ሬዲዮኑን ይዘጋሉ።

«በይ፣ ንቀዪ» ይላሉ፣ አውቶቡስ ከመነሻው እንደሚያስነሡ።

ትነቅላለች። አንድ ቀን መሃል ላይ ሳለች እጃቸውን አነሡ።

«መቆሚያ ዘለልሽ።»

«ምን አሉ፣ አባዬ?»

«ከጀልባው በኋላ አንዱን ሰውዬ ትጭኚ ነበር። ዛሬ ጥለሽው አለፍሽ።»

እውነታቸውን ነው፤ ዓሣ አጥማጁን ረስታዋለች። ከብዙ መስማት የተነሣ ቃሉ ሳይገባቸው ዜማውን ይዘውታል። ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሰዓቱን ወደ እጃቸው እየመለሱ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሡ፣

«እኔ የማይገባኝ፣» አሉ፣ «እኛ ቤት እኮ ሐይቅ ያየ ሰው የለም። ስለ ሥራሽ ብትነግሪያቸውስ?»

«ስለ ሥራዬ የሚነገር ነገር የለም፣ አባዬ።»

«እንዴት አይኖርም?»

«እጅ ይዘረጋል፤ እሰጣለሁ። በቃ።»

አባቷ እጇን አዩ። ቅባቱን የአጥንት ብርድ መከላከያ ነው ብላቸዋለች፤ እሳቸውም እንዳመኑ ሆነዋል።

የአራተኛው ፈተና ክፍል ጠባብ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ቀይ መብራት የሚያበራ መቅረጫ። ፈታኟ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፊቷ የማይከፋም የማይስቅም ሴት ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ቀላል ነበሩ። አቀባይዋም አስጠኚው እንዳዘዛት ከእያንዳንዱ መልስ ኋላ ትንሽ ትንሽ ጅራት ቀጠለችላቸው። ከዚያ ፈታኟ አንዲት ካርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻትና እንድታስብ ጥቂት ጊዜ ፈቀደችላት።

ካርዱ፣ አብረሽው መሥራት ደስ የሚልሽን አንድ ሰው ግለጪ፣ ይል ነበር።

እርሳሱን ስትጨብጥ አውራ ጣቷ ላይ ያለው ስንጥቅ ተከፈተ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልጻፈችም። ማንን እንደምትናገር ወዲያው ነው የመጣላት። ዋናው ቀዶ ሐኪም መቀስ ከመጠየቃቸው በፊት ትንሿ ጣታቸው ቀና እንደምትል ታውቃለች። ደም ሲፈስ ትከሻቸው እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ በሽተኛው እንደማይተርፍ ሲያውቁ እንዴት የበለጠ ቀስ ብለው እንደሚሰፉ ታውቃለች። ይህን ሁሉ ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ በእንግሊዝኛ ይቅርና በገዛ ቋንቋዋም። የምታውቀው ሁሉ ጣቷ ላይ ነበር።

«አሁን መናገር ትችያለሽ» አለች ፈታኟ።

«አብሬያቸው የምሠራው ሰው ቀዶ ሐኪም ናቸው» አለች አቀባይዋ በእንግሊዝኛ። «ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ከእሳቸው ጋር መሥራት ደስ ይለኛል።»

አለቀ። አንድም ስሕተት የለበትም። ቀዩ መብራት ይበራል።

ፈታኟ ጠበቀች። ከዚያ፣ እንድትቀጥል ልታበረታታት፣ ቃል ሳታወጣ፣ እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መዳፏ ወደ ላይ ነበር።

አቀባይዋ እርሳሱን አሳረፈችበት።

ጠበቅ አድርጋ፣ ድምፁ እስኪሰማ። የፈታኟ ጣቶች በድንጋጤ እርሳሱን ጨበጡ። ሁለቱም ሴቶች እርሳሱን አዩት። ከሁሉ የባሰው ግን ይህ አልነበረም፤ ከሁሉ የባሰው የአቀባይዋ ዓይን ቀጣዩን ዕቃ ፍለጋ ጠረጴዛውን መቃኘቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከካርዱ፣ ካልተጻፈበት ወረቀትና ከመቅረጫው በቀር ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው የት እንዳለች ያወቀችው።

ለምን እንዲህ እንዳደረገች ልትናገር አፏን ከፈተች። ብትናገረው ኖሮ፣ እጅ ሲዘረጋ የሷ እጅ ከሐሳቧ ቀድሞ እንደሚሄድ ብትናገር፣ ለካርዱ ጥያቄ ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረም። ግን ያ ያልተሸመደደ ነገር ነው፤ ለእሱ የተዘጋጀ አንድ ቃል እንኳ አልነበራትም። ዝም ካልሽ ሞትሽ፣ አላት የፍሉዌንሲ ድምፅ። ሁሉም መንገድ ወደ ሐይቁ ይወስዳል።

«አንድ ጊዜ፣» አለች፣ «እኚህ ሐኪምና እኔ ወደ አንድ ውብ ሐይቅ ሄድን።»

ሽማግሌውን ዶክተር ጀልባ ላይ አሳፈረቻቸው። ዓሣ አጥማጁን አገናኘቻቸው፤ ይህን ጊዜ አልረሳችውም። ነፋሱ ባርኔጣቸውን ወሰደው። ዶክተሩ በሕይወታቸው ስቀው የማያውቁትን ሣቅ ሐይቁ ላይ ሳቁ። ቃሉ ይፈሳል፤ አንድም ቦታ አልተሰናከለም። ፈታኟ እርሳሱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይህን ሐይቅ ስንተኛ ጊዜ እንደምታየው እሷ ናት የምታውቀው፤ ፊቷ ላይ ግን አንድ በር ሲዘጋ ታየ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣

«አመሰግናለሁ» አለቻት።

በቀዶ ሕክምና ክፍል አመሰግናለሁ የሚል ሰው የለም። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን ወዲያው ገባት።

ውጤቱ በስልኳ ላይ የመጣው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ሳለች ነው። በግማሽ ነጥብ ወደቀች። ኮሌጁ ለሌላ ሰው ቦታ መስጠቱን ሲነግራት አዝናለሁ ማለቱን አልረሳም። ስልኩን ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበትና ሌላውንም ጫማዋን አወለቀች። በዚያ ጠዋት የሐሞት ከረጢቷ የሚወጣላት አንዲት የልጆች እናት ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች።

እጇን ስትታጠብ ብሩሹ ቆዳዋን ይዞት መጣ። ጥርሷን ነክሳ ጨረሰች። ሁለት ጓንት ደረበች። ሆዱ ተከፈተ፤ ሥራው እንደ ወትሮው ይሄድ ጀመር። መቀስ። መቆንጠጫ። ጨርቅ። መሃል ላይ በቀኝ ጓንቷ ውስጥ አንድ ሞቃት ነገር ከጣቷ ወደ መዳፏ ሲወርድ ተሰማት። ላብ እንዴት እንደሚወርድ ታውቃለች፤ ይህ ላብ አልነበረም።

ዶክተሩ እጃቸውን ዘረጉ።

መቆንጠጫው በእጇ ነበር። ሁለቱ ጓንቶች በአንድ መርፌ ጫፍ ቢበሱ ምን እንደሚሆን አሰበች። እስከ ትናንት ይህን የማታስብበት መንገድ ነበራት፤ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልሄድ ነው፣ ትል ነበር። ዛሬ የሚቀር ነገር የለም። መቆንጠጫውን ወደ መሣሪያ ትሪው መለሰችው።

«ዶክተር፣ እጄ ቆስሏል።»

የዶክተሩ መዳፍ እንደ ተዘረጋ ነው።

«ጓንቱ ውስጥ እየደማሁ ነው። ዛሬ አይደለም የጀመረኝ፤ ከርሟል። በቅባትና በሁለት ጓንት ሸፍኜ ነው ስቆም የኖርኩት። ፈተናውን አልፌ ማንም ሳያውቅብኝ ልሄድ ነበር ሐሳቤ። ወደቅሁ። ባልፍ ኖሮ ዛሬም አልናገርም ነበር። ይችን ሴት ግን ልበክላት አልችልም። ሌላ ሰው ታጥቦ ይግባ።»

ማደንዘዣ ሰጪው የሚቀልድበት ጠፋው። «ምነው ይህን ያህል ለፈታኞቹ ባወራሽላቸው» አለ ወደ መሬት እያየ።

ዶክተሩ ዓይናቸውን ከተከፈተው ሆድ አነሡ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከጭምብሏ በላይ ያለውን ፊቷን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። አንድ ነገር ሊሉ መሰለ። የጭምብላቸው ጨርቅ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወጣ።

«ውጪ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ «ሲስተር» ብለው ጨመሩ።

እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ምንም ሳትነካ፣ ወደ ኋላ እየሄደች ከጠረጴዛው ራቀች። በሩን በጀርባዋ ስትገፋ የዶክተሩ እጅ ቀስ ብሎ ሲታጠፍና ባዶውን ወደ ተከፈተው ሆድ ሲመለስ አየች።

ቤት ስትደርስ ሁለቱም እጆቿ እስከ አንጓቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ከሰኞ ጀምሮ የመረጃ መስኮቱ የእሷ ነው። አባቷ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ሲጠብቋት ነበር፤ ሰዓታቸው ከእጃቸው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ሬዲዮኑ ተዘግቷል። የውጤቱን ነገር ገና አልነገረቻቸውም።

«በይ፣ ንቀዪ» አሉ ሳያይዋት። ቀና ሲሉ ፋሻውን አዩት።

ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አንድም ቃል አልመጣላትም። በእንግሊዝኛም አልመጣላትም፣ ሐይቁም አልመጣላትም።

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁና እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት። ለረጅም ጊዜ መዳፋቸውን አየችው። የምታቀብላቸው ነገር አልነበራትም። በመጨረሻ የተጠቀለለ እጇን አሳረፈችበት፤ ድምፅ አላወጣም።

ሽማግሌው ፋሻውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«በዚህ እጅ አውቶቡስ ብትነጂ ኖሮ» አሉ፣ «እኔም ራሴ ከመሪው ላይ አወርድሽ ነበር።»

እጇን አልሰበሰበችም። ሰዓቱ በመካከላቸው እየቆጠረ ነው፤ ሁለት ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል። ማንም አላነሣውም።